በገመድ የታጠረው ምርጊት

አንድ ግንብ አለኝ ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ! ወደ ሜልበርን ከመምጣቴ በፊት፣ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ በዐረብ ባሕረ ሰላጤ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ግዛት የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። አገሩ ከባሕር ዕንቁ እየለቀመ፣ ተምር እየተከለ የኖረ ነው። ከውሃው ፊት ለፊት ጥንታዊ የጭቃ ማማ ነበረ፤ ግማሹ ፈርሶ ፍየል ይገባበታል። እድሳት ሲጀመር ፎርማኑ በሲሚንቶ አስለሰነው። ሲሚንቶው ከጭቃው ጋር አልስማማ ብሎ በሦስተኛው ወር እንደ ደረቀ ዳቦ ቅርፊት እየተላቀቀ ወደቀ።

ያኔ ነው አፌን የከፈትኩት። «ለጭቃ የሚሆነው ጭቃ ነው፤ ለኔ ተውልኝ» አልኩት። አዲስ አበባ ያደግኩት ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ክረምት በወጣ ቁጥር እናቴ ግድግዳውን ትመርጋለች፣ ጭቃውን በእግሬ የማቦካላት እኔ ነበርኩ። እዚያ የጤፍ ጭድ ከየት ይምጣ? ለግመል የሚገዛውን ድርቆሽ አስከተፍኩ፣ ከጭቃው ጋር ረገጥኩት፣ ሸፍኜ እስኪሸት አቆየሁት። ሽታው ሲመጣ አብረውኝ የሚሠሩት ሁሉ አፍንጫቸውን ይዘው ሸሹ። እኔ «ሳይገማ አይዝም!» እያልኩ ከላይ እስከ ታች መረግኩት።

ስም መጻፍ ክልክል ነበር። እናቴ ግን ምርጊቷን ስትጨርስ፣ ከበሩ አጠገብ እርጥቡ ላይ ሦስት ጣቷን እያጠማዘዘች የመጎተት ልማድ ነበራት፤ ለጌጥ ነው። እኔም ከደረጃው ሥር እንደሷ አደረግኩ። ከዚያ ውሌ አለቀና ሄድኩ።

ሜልበርን ከገባሁ ጀምሮ ሥራዬ ጂብሰም ቦርድ መግጠም ነው። ፖይንት ኩክና ታርኔት በሚባሉት የከተማው ዳር ሰፈሮች ካሉት አዳዲስ ቤቶች ግማሹን እኔ የገጠምኩት ይመስለኛል። ንጹሕ ሥራ ነው፤ ግን በክርንህ ገፋ ብታደርገው ይበሳል። የማን እጅ እንደሆነም ማንም አይጠይቅም። ስለዚህ በየድግሱ ስለ ማማው አወራለሁ። ፎቶ የለኝ፣ ወረቀት የለኝ። ኮሊንግዉድ ሰፈር የመንግሥት ፎቅ ላይ የሚኖረው የስደት ጓደኛዬ ደግሞ አይለቀኝም።

«ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል፤ ያንተ ግንብ ግን በየዓመቱ አንድ ፎቅ ይጨምራል!» ይለኛል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እለዋለሁ።

እሱስ ይሳቅ። የሚያመኝ የልጄ ሳቅ ነው። ይህን ታሪክ እየሰማች ነው ያደገችው፤ አንድ ቀን ግን በዚያ በእንግሊዝኛዋ «አባዬ፣ እውነት ነው ወይስ ተረት?» ብላ ጠየቀችኝ። ሠላሳ ሊሞላት ነው እኮ! ያን ቀን እራት አልበላሁም።

ዘንድሮ ለዘመድ ሰርግ አዲስ አበባ ልትሄድ ስትል «እዚያ አካባቢ አንድ ቀን አርፌ እንዳልፍ ስቶፕኦቨር ቡክ አድርጌያለሁ፤ ግንብህን አየዋለሁ» አለችኝ። ደስ ይለዋል ብላ ነው። እኔ ግን ፈራሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ የባሕር ነፋስ የመታው ጭቃ ነው። ወድቆ ከሆነ በልጄ ፊት ውሸታም ሆኜ መቅረቴ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በቪዲዮ ደወለች። ጓደኛዬ ታርኔት እቤቴ ድረስ በባቡር መጥቶ ከጎኔ ተቀምጧል፤ ሊስቅብኝ ነው የመጣው። መጀመሪያ ባሕሩ ታየኝ። ከዚያ አሸዋው ላይ የተደረደሩት የድሮ ዕንቁ ለቃሚዎች ጀልባዎች፣ የቱሪስት አውቶቡስ፣ ትኬት መቁረጫው። ከዚያ ማማው። ቆሟል!

«እሰይ! እሰይ!» ብዬ ተነሳሁ።

«መቆሙንስ ቆሟል፤ ያንተ ሥራ መሆኑን በምን እናውቃለን?» አለ ጓደኛዬ። ወይ ይሄ ሰው!

«ከደረጃው ሥር፣ በግራ በኩል እይ» አልኳት።

ልጄ ገባች። ከደረጃው ሥር ገመድ ተወጥሯል፣ መብራት በርቷል። ነጭ ጀለቢያ የለበሰ አስጎብኚ ለቱሪስቶች እያስረዳ ነው። ከኋላው ሦስቱ መስመሮች ያኔ እንደጎተትኳቸው አሉ።

«ይህ የባሕር ሞገድ ነው» ይላል አስጎብኚው፣ ደረቱን ነፍቶ። «ዕንቁ ጠላቂ አያቶቻችን ከባሕር በሰላም ሲመለሱ በጣታቸው የሳሉት ነው።»

ልጄ በገመዱ ላይ ዘንበል ብላ ሦስት ጣቷን ዘረጋች። አስጎብኚው ፈጠን ብሎ «እባክሽ እንዳትነኪው፤ ቅርስ ነው» አላት።

ኧረ በስመአብ! የእናቴን ጌጥ! እኛ ቤት ዶሮ ይጭረው፣ የሰፈር ልጅ ኳስ ይለጋበት ነበር።

ልጄ ስልኩን ወደ ፊቷ አዞረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አባዬ፣ እውነት ነው» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ልንገረው?»

ጓደኛዬ ቀደመኝና ጮኸ። «ንገሪው እንጂ! የአባቴ ሥራ ነው በይው! ምን ያስፈራሻል?» ይህን የሚለው ሃያ ዓመት ሲያሾፍብኝ የኖረው ሰው ነው።

እኔም አፌን ከፍቼ ነበር። ድንገት ግን የእናቴ ቤት ትዝ አለኝ። ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ ያ ሁሉ ዓመት የመረገችው ግድግዳ በአንድ ጠዋት ወረደ። እሷ ይህን ሳታይ ዐርፋለች። ማንም ገመድ አልወጠረለትም።

«ተይው ልጄ» አልኳት። «የኛ መሆኑን ካወቁ ገመዱን ያነሱታል።»

«እሺ አባዬ» ብላ ከቱሪስቶቹ ጋር ቆመች፤ የአስጎብኚውን ወሬ እስከ መጨረሻው አሰማችን። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በየድግሱ ታሪኩን የሚያወራው ጓደኛዬ ነው፤ ፎቅ የሚጨምረውም እሱ ሆኗል።

እኔ አላርመውም። የእናቴ ጌጥ ያለበት ግድግዳ በዓለም ላይ የቀረው ያ ብቻ ነው። እሱም ጠባቂ አለው።