ሳይሰማ የተባለ አሜን

እህቴ የምትዘምረው የስፌት መኪናዋ ሲጮህ ብቻ ነው። እግሯ ፔዳሉን ሲረግጥ አፏ ይከፈታል፤ እግሯ ሲነሳ አፏም ይዘጋል። መጋረጃ ሊያሰፋ የመጣ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ «ማነው እንዲህ የሚያምር ድምፅ ያለው?» ብሎ በጠየቀ ቁጥር፣ መኪናውን አቁማ ጠርዙን እየመረመረች «ሬዲዮ ነው» ትለዋለች። እኔ ከካውያው ጀርባ ሆኜ ከንፈሬን እነክሳለሁ። ሬዲዮአችን ከተበላሸ ስንት ዘመኑ!

እኔ ታናሽ እህቷ ነኝ፤ «እትዬ» ነው የምላት። የአንድ እናት ልጆች መሆናችንን የሚያምን ሰው ጥቂት ነው። ደንበኛ ዋጋ ሲከራከር እኔ ቱግ እላለሁ፤ እሷ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ዝም ብላ ታየዋለች፣ ሰውየውም ራሱ አፍሮ ይከፍላል። እንዲህ ያለችውን ሴት «በወጣትነቷ የሮክ ባንድ ዘማሪ ነበረች» ብትሉ የሚስቅባችሁ ይበዛል። ግን ነበረች።

አራት ነበሩ፤ ጊታሪስቱ፣ ቤዝ ተጫዋቹ፣ ድራመሩና እሷ። በቤተ ክርስቲያናቸው ምድር ቤት ነበር የሚለማመዱት። ጊታሩ እንደ መጋዝ ይጮሃል፣ ድራሙ ጣራውን ያነቃንቃል፣ ቃሉ ግን ንጹሕ መዝሙር ነው። ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ወጣቶቹ ወንበር ላይ ይወጣሉ። እነዚህ አራት ሰዎች አንድ የማይነካ ደንብ ነበራቸው። የሠሩት ነገር ወደ ሰው ጆሮ የሚደርሰው አራቱም ሰምተው፣ አራቱም በየተራ «አሜን» ካሉ ብቻ ነው። አንዱ ዝም ካለ፣ ቀረ። ለምን ብሎ መጠየቅም የለም።

አልበማቸውን የቀዱት ከሃያ ዓመት በፊት ነው። ስቱዲዮ ተብዬው ግድግዳው ላይ የእንቁላል መያዣ ካርቶን የተለጠፈበት፣ በሩ ላይ ፍራሽ የተደገፈበት አንድ ጠባብ ክፍል ነበር። እኔም ውሃ አቀባይ ነኝ ብዬ ተከትያት ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር እሷን ልጠብቅ ነው የሄድኩት፤ እትዬ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ከዚያ በፊት አንዱ ስለጨነገፈባት ይህኛውን ጮክ ብላ መናገር ፈርታ ከባለቤቷና ከእኔ በቀር ለማንም አልተነፈሰችም። ማይኩ ፊት የቆመችው የባለቤቷን ሰፊ ጃኬት ለብሳ ነው።

ሦስተኛው መዝሙር ላይ «አትለየኝም» የሚል ቃል አለ። እዚያ ሲደረስ ጊታሩም ድራሙም ዝም ይላሉ፤ እሷ ብቻዋን ቃሉን እየሳበች ከፍ ታደርገዋለች። ሌላ ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ነበር የምትዘልቀው። የዚያን ቀን ግን መሃል ላይ ትንፋሽ አጠራት። «አትለየ…» አለችና ከውሃ ውስጥ ብቅ እንዳለ ሰው «ህህ!» ብላ አየር ሳበች፤ ከዚያ «…ኝም» ብላ ጨረሰች። ጊታሪስቱ ከውጭ ሆኖ በክፍሉ ትንሽ የመስታወት መስኮት በኩል እጁን አወዛወዘላት። ግድ የለም፣ ሌላ ቀን እንደግመዋለን ማለቱ ነበር።

አልተደገመም። በሳምንቱ ልጁን አጣችው። ወንድ ነበር።

ባንዱ እሷ መታመሟን እንጂ ሌላ አያውቅም። አልበሙ አልቆ ሲዲውን ይዘው ሊጠይቋት ሲመጡ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር። ድራመሩ በሩ ላይ ቆሞ «እህታችን፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ሲዲውን እዚህ አስቀምጠንልሻል፤ ሰምተሽ ያቺን ቦታ እንድገማት ካልሽ እንደግማታለን» አለ። እሷ ሳትዞር «አሜን» አለች። ሲዲው ከማሸጊያው አልወጣም። እነሱ ግን የድምፁ ባለቤት ከወደደችው እኛ ምን አገባን ብለው አሳተሙት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። መዝሙሩ ተወደደ፤ ትንፋሿ ግን መሳቂያ ሆነች። የወጣቶች ጉባኤ ላይ ያ ቃል ሲደርስ አዳራሹ በሙሉ አንድ ላይ «ህህ!» ብሎ አየር ይስባል፣ ከዚያ ሳቅ። ክፋት አልነበረበትም፤ ወጣቶች ናቸው። እትዬም ማይኩን እንደያዘች ፈገግ ትል ነበር። እኔ ብቻ ነኝ ፈገግታው የውሸት መሆኑን የማውቀው። ማንን ትውቀስ? አሜን ያለችው ራሷ ናት። ጥቂት ወራት እንዲህ ቆየችና «ሥራ በዛብኝ» ብላ ባንዱን ተወች። በኋላ ሁለት ሴት ልጆች ወለደች፤ ሁለቱም ደህና፣ ሁለቱም ምላሳቸው የእኔን የሚያስንቅ። ሁለት ልጅ አለኝ ብሎ ያጣውን የሚረሳ ሰው ግን አላየሁም።

ታዲያ በቀደም ዕለት ድራመሩ ሱቃችን መጣ። አሁን ቁልፍ ሠሪ ነው፤ ጸጉሩ ሸሽቶ ሆዱ ቀድሟል፣ ጣቶቹ ግን ያገኙትን ሁሉ ከመደብደብ አልቦዘኑም። ጠረጴዛችንን እየደበደበ አብራው የመጣችውን ልጁን አስተዋወቀን። ልጅቷ ላፕቶፕ ታቅፋ፣ ትንሽ ስፒከር ይዛለች።

«እህታችን፣ ይቺ ልጄ አልበማችንን ሪሚክስ ሠራችው» አለ። «ለዳንስ! ወጣቱ የድሮውን ሮክ አልሰማ ብሎናል። ቃሉ እንዳለ ነው፤ ምቱ ብቻ ነው የተለወጠው። ሦስታችን አሜን ብለናል። ያንቺ ብቻ ቀረ።»

«መዝሙር በዳንስ?» አልኩ እኔ። «ቁልፍ መቅረጽ ሰለቸህ እንዴ?»

እትዬ በዓይኗ ዝም አሰኘችኝ። «እስቲ ልስማው፣ ልጄ» አለች ለልጅቷ።

ልጅቷ የከፈተችው ሦስተኛውን መዝሙር ነበር፤ ከሁሉ የምትኮራበት እሱ ኖሯል። ከታች ዱም፣ ዱም የሚል ምት መጣ። የጠረጴዛው ላይ መርፌዎች ተንቀጠቀጡ። ከዚያ በእያንዳንዱ ምት መካከል አንድ ድምፅ ገባ፤ «ህህ!»። ዱም፣ «ህህ!»። ዱም፣ «ህህ!»። ሙሉው መዝሙር በእትዬ ትንፋሽ ላይ ነው የተሠራው።

እህቴ ከበርጩማዋ ተነስታ ላፕቶፑን በእጇ ዘጋችው። እንዲህ ስትሆን አይቻት አላውቅም።

«ሃያ ዓመት የሳቃችሁት አልበቃችሁም?» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «አሜን አልልም። ሂዱልኝ።»

የድራመሩ ጣቶች ጠረጴዛው ላይ ቀጥ አሉ። ልጅቷ ዕቃዋን ሰብስባ እየተደናቀፈች ወጣች፤ አባትየውም አንገቱን ደፍቶ ተከተላት። ከዚያ እትዬ እስኪመሽ መኪናዋን አስጮኸችው። ሳትዘምር።

እኔ መቼም አርፌ አልቀመጥም። በማግስቱ በጠዋት ተነስቼ ለልጅቷ ልክ ልኳን ልነግራት ድራመሩ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ የምትሠራበት ክፍል ከቁልፍ ሱቁ ኋላ ያለ ዕቃ ቤት ነው፤ በሩ ላይ እንደዚያኛው ስቱዲዮ ፍራሽ ተደግፏል። ገና ሳልቀመጥ ጀመርኩ። የእህቴ ውርደት መጫወቻ አይደለም፣ አሳዳጊ የበደለሽ፣ ምኑ ቅጡ። አባቷ አጠገቧ መቆሙንም አልቆጠርኩትም።

ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ማን ሳቀ?» አለችኝ። «እኔ ያኔ አልተወለድኩም። ስለ ሳቁ የነገረኝም የለም። አባዬ የድሮውን ቅጂ ሲሰጠኝ ድምፆቹ ለየብቻ ነበሩ። ይህን ብቻ ስሙልኝና ከዚያ ስደቡኝ።»

ሄድፎኑን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። ጊታር የለም፣ ድራም የለም። እህቴ ብቻዋን። የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ በዚያ በጠባቡ ክፍል፣ የጃኬቱ ዚፕ ማይኩን ሲነካ እንኳ ይሰማል። «አትለየ…» አለች። ከዚያ ያ ትንፋሽ መጣ። በአልበሙ ላይ ሳቅ የቀሰቀሰው ትንፋሽ ብቻውን ሲሰማ ሌላ ነው። ከባድ ነገር ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ሰው ትንፋሽ ነው፤ ሸክሙን ግን ማውረድ አይፈልግም። የተሸከመችውን የማውቀው እኔ ነኝ። ልሳደብ የመጣሁትን ትቼ ሄድፎኑን አወለቅኩ።

«ከአልበሙ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው» አለች ልጅቷ። «ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሰው ያለበት ይመስለኛል።»

ምስጢሩ የእኔ ስላልሆነ አፌን ያዝኩ፤ ያውም እኔ! «ላፕቶፕሽን ያዥና ተነሺ» ብቻ አልኳት። አባትየውም ሱቁን ቆልፎ ተከተለን።

እትዬ የሆቴል መጋረጃ ቅምቅማት ላይ ነበረች። ስታየን ፊቷ ጠቆረ። «እትዬ፣ በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» ብዬ ሄድፎኑን ራሴ ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት። ልጅቷ ድምፁን ብቻውን ከፈተችው።

እኛ የምንሰማው ነገር የለም፤ ፊቷን ነው የምናየው። መጀመሪያ አላመነችም። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ያቺ ቦታ ስትደርስ እጇ ሳታስበው ሆዷ ላይ አረፈ። ድራመሩ እጇን አየ፣ እኔን አየኝ፣ መልሶ እጇን አየ። የሦስት ልጆች አባት ነውና ገባው።

«ያን ጊዜ…» አለ።

እትዬ ሄድፎኑን አወለቀች። «አምስተኛ ወሬን ይዤ ነበር» አለች። «ሲዲውን ስታመጡልኝ ልጁን ካጣሁ በአራተኛው ቀኔ ነበርኩ። ሳልሰማው ነው አሜን ያልኩት። በኋላ ስትስቁ፣ በልጄ የምትስቁ ይመስለኝ ነበር። ከእሱ የቀረኝ ድምፅ ሌላ የለም። እሷኑ ትንፋሽ ነበር የምትስቁባት።»

ድራመሩ የመጋረጃ ጨርቅ ጥቅል ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «እኔ ነኝ የጀመርኩት» አለ። «ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ፣ በድራም መምቻዬ ለወጣቶቹ ምልክት የሰጠሁት እኔ ነኝ። ልጫወት ብዬ ነው። እህቴ፣ ይቅር በይኝ።» ትልቅ ሰው በመዳፉ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ።

ልጅቷ ደግሞ «አወጣዋለሁ፤ ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ፣ እትዬ» እያለች ላፕቶፑን ስትነካካ፣ እትዬ እጇን ያዘቻት።

«ቆይ። ወጣቶቹ ሰምተውታል?»

«አንዴ፣ በልምምድ ላይ።»

«ሳቁ?»

«ኧረ! እዚያች ቦታ ላይ ነው እኮ የሚዘሉት። ትንፋሿ ስትመጣ ሁሉም አብረው ወደ ላይ ይዘላሉ።»

ካውያው ሲቀዘቅዝ ጠቅ ጠቅ ሲል ይሰማኛል። «እነሱን ያህል ይሆን ነበር» አለች እትዬ በመጨረሻ። «እንግዲህ አብሯቸው ይዝለል።»

አሜን አለች ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ለካ አላለችም። «አሁን ከመጀመሪያው ክፈችልኝ» አለች። «ሁሉንም። ያኔ ሳልሰማ ብያለሁ፤ ዛሬ ሰምቼ ነው የምለው።» አሥሩንም መዝሙር፣ አንድ በአንድ፣ በስፒከሩ! የሆቴሉ ሰው መጋረጃውን ሊወስድ መጥቶ በር ላይ ተገተረ፤ «ቁጭ በል፣ ሥራ ላይ ነን» አልኩት። በአምስተኛው ላይ የሰውየው ጫማ ወለሉን መምታት ጀመረ። ድራመሩ አፍንጫውን እየሳበ ጣቶቹን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አሰማራ። እትዬ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ እንደ ተማሪ ሰማች። የመጨረሻው ሲያልቅ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችን።

«አሜን» አለች።

አባትና ልጅ ከሄዱ በኋላ ወደ ሆቴሉ መጋረጃ ተመለሰች። ፔዳሉን ረገጠች፣ መኪናው ጮኸ፣ እሷም እንደ ልማዷ ጀመረች፤ ሦስተኛውን መዝሙር ነው። ግማሽ ላይ ስትደርስ ክሩ ተበጠሰና መኪናው ቆመ። መጋረጃውን የሚጠብቀው የሆቴሉ ሰው ቀና አለ። እኔም ካውያዬን አንስቼ ጠበቅኩ።

አላቆመችም። ክሩን በመርፌው ዓይን እያስገባች፣ ጸጥ ባለው ሱቅ ውስጥ፣ ድምፅዋን ከፍ አደረገችው። ያ ቃል ላይ ስትደርስ መሃሉ ላይ ቆመች፤ ትንፋሿን ሳትቸኩል ሳበች፣ ከዚያም ጨረሰችው።