የወይራ ጭስ የገባበት ውሃ

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጓደኛዬ ቢጫ ጄሪካን እንደ ሕፃን ታቅፋ ላፍቶ ያለው ቤታችን ደረሰች። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ አብረን ነው የተማርነው። እሷ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሐይቅ ዳር ሥራ አገኘች፤ እኔ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አስተማሪ ሆንኩ። ጊዜው የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ጄሪካኑ ውስጥ አሥራ አንድ ሽሪምፖች፣ ጣት የማያክሉ የሐይቅ እንስሳት፣ ነበሩ።

አምጪልኝ ያልኳት እኔ ነኝ። ክፍሌ ውስጥ ሰባ ስምንት ተማሪዎች ነበሩ፤ ድምፄ ግን ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም። ከኋላ "ቲቸር፣ አይሰማም!" ይላሉ። ጮክ ስል ድምፄ ይሰነጠቃል፤ ይስቃሉ። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነበር፤ ማታ ቤት ስገባ ለመናገር እንኳ አቅም አልነበረኝም። አርብ ዕለት ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ "ሰኞ በሕይወት ያሉ እንስሳት አመጣላችኋለሁ፤ አሥር እግር አላቸው፣ ዕንቁላላቸውን ሆዳቸው ሥር ይሸከማሉ" አልኳቸው። ክፍሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ አለ።

"ካላመጡስ ቲቸር?" አለ ከመጨረሻው ረድፍ አንዱ። ተሳቀ። ቅዳሜን ሙሉ ያቺ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ነበረች።

የሚኖሩበትን ገንዳ ያዘጋጀሁት ከአንድ ወር በፊት ነበር። መስታወቱን ቆራጭ ዘንድ አስቆርጬ በሲሊኮን ሙጫ አጣበቅሁት። ከፉሪ ወንዝ ያመጣሁትን ጠጠር አጥቤ ቀቀልኩ። የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲለቀው ሁለት ቀን በባልዲ አስቀምጬ ገለበጥኩ፤ የውሃ ሣር ተከልኩበት። ከዚያ መስታወቱ ስስ አረንጓዴ እስኪለብስ ጠበቅሁ፤ ምግባቸው እሱ ነው።

እናቴ ጄሪካኑን አጎንብሳ አየችው።

"ይሄ ምንድን ነው? አንበጣ?"

"የውሃ አንበጣ ይበሉት፣ እማማ" አለች ጓደኛዬ።

"ክንፍ የለው፣ ቅርፊት የለው! ጾም ሊገባ ሲል ርኩስ ነገር ቤቴ ታስገቢያለሽ?"

"አንበላውም እኮ፣ እማዬ።"

"የማትበዪውን ነው የምትቀልቢው?"

ጓደኛዬ አውቶቡስ እንዳያመልጣት እየሳቀች ሄደች። እኔ ሽሪምፖቹን ሳፋ ውስጥ አድርጌ በቀጭን የጉሉኮስ ቱቦ የገንዳውን ውሃ ጠብ ጠብ አደረግሁላቸው፤ ድንገት ውሃ ከተቀየረባቸው ይሞታሉ። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። እናቴ እያጉረመረመች መጣች፣ ሄደች፣ እንደገና መጣች። ወደ ገንዳው ሳዛውራቸው ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ይቺኛዋ ሆዷ ሥር የያዘችው ምንድን ነው?"

"ዕንቁላሏ ነው።"

"በእግሯ ነው የምታራግበው?"

"አየር እንዲያገኝ።"

እናቴ ወደ መስታወቱ ጠጋ አለች። "አይ እናት" አለች በመጨረሻ።

ዘለው እንዳይወጡ ውሃውን ከገንዳው አፍ አራት ጣት አጉድዬው ነበር። የተረፈውን የሐይቅ ውሃ ጄሪካኑ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ምንም ነገር ቶሎ አልጥልም። ከዚያ ለጥቂት ደቂቃ ብዬ ጫማዬን ሳላወልቅ ጋደም አልኩ። ሳምንቱን ደብተር ሳርም ነው የሰነበትኩት። እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ መብራት በርቷል። ቤቱ የወይራ ጭስ ይሸታል።

እናቴ የሰሜን ሸዋ ሰው ናት። የተከበረ እንግዳ ሲመጣ እንስራውን በወይራ ጭስ ታጥነዋለች፣ ውሃው እንዲጣፍጥ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ሽታ ነበር።

"ጎድሎባቸው ሞላሁላቸው" አለችኝ፤ ፊቷ በርቷል። "ደግሞ በታጠነው እንስራ ውሃ ነው። ነፍሰ ጡር አለችበት አይደል?"

ገንዳው ውስጥ ሦስቱ በጎናቸው ተኝተዋል። ሌሎቹ ወደ ላይ እየተወረወሩ መስታወቱን ይመታሉ። ሳፋውን አነሳሁ፤ የሐይቁን ውሃ ገለበጥኩበት፤ በሻይ ማጥለያ አንድ በአንድ ማውጣት ጀመርኩ። 

"ምነው?" አለች እናቴ።

"ውሃ መለወጥ አለበት" አልኳት። ውሸት አይደለም፤ እውነቱም ግን ያ አልነበረም። ለማስረዳትም፣ ለመቆጣትም፣ ለማልቀስም ጉልበት አጣሁ።

ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ስነሳ እናቴ ቀድማኝ ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብላለች። አራት ቀርተዋል። ያቺኛዋ በሕይወት አለች፤ ሆዷ ሥር ግን ምንም የለም። ዕንቁላሎቿ እንደ ፈሰሰ ጤፍ በሳፋው ወለል ላይ ተበትነዋል።

"ጭሱ ነው?" አለች ቀና ሳትል።

"ጭሱ ነው፣ እማዬ። እኔም መተኛት አልነበረብኝም።"

 ተነስታ የማር ማስቀመጫ ብርጭቆዋን አወረደች። የቀረውን ማር ወደ ሳህን ገልብጣ ብርጭቆውን ሦስት ጊዜ አጠበች። አፍንጫዋን አስገብታ አሸተተችና ለእኔ ዘረጋችው። "አሽቺው። ሽታ አለው?"

"የለውም።"

አራቱን በሐይቅ ውሃ እዚያ ውስጥ ጨመርኳቸው። ታክሲ እንዳያንገጫግጫቸው በነጠላዬ ሸፍኜ በእግሬ ሄድኩ፤ ክንዴ እስኪደነዝዝ። ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ ተማሪው ገብቷል። በሩን ስከፍት ጫጫታው አልቆመም።

"ቲቸር፣ መጡ እንዴ እንግዶቹ?" አለ ያው ልጅ ከኋላ።

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጥ ነበር ያሰብኩት። ሳላስቀምጥ አለፍኩ። ሦስተኛውን ረድፍ አልፌ በዴስኮቹ መሐል እስከ መጨረሻው ሄድኩና ልጁ ፊት አኖርኩት።

"ዕንቁላሉስ?" አለኝ ካየ በኋላ፤ አልሳቀም።

"ትናንት ነበራት፤ ጣለችው።"

"ለምን?"

"ውሃዋ ውስጥ ጭስ ገባ" አልኩት በተለመደው ድምፄ። የፊተኞቹ "አይሰማም!" ሲሉ፣ "ዞራችሁ ኑ" አልኳቸውና ትምህርቱን ከዚያው ጀመርኩ።