አባቴና አሮጌዋ መኪናዬ

የሄድኩ ዕለት አመሻሽ ላይ አባቴ ከአይሱዙው ስር አልወጡም። ጎጃም በረንዳ፣ ጋራዣቸው በር ላይ፣ ሻንጣዬ ታክሲ ላይ ተጭኖ ስንጠራቸው አንድ እጃቸውን ብቻ ዘረጉልኝ። «ግሪስ ነው፣ ልብስሽን እንዳይነካው» አሉ። አንጓቸውን ሳምኩና ሄድኩ።

ያለሁት ስዊድን ነው። መርካቶ ሰው ሳይገፋችሁ አንድ እርምጃ አትሄዱም፤ እዚህ አጠገቤ ያለው የአውቶቡስ ወንበር ባዶ ሆኖ ሰው ቆሞ ይሄዳል። መጀመሪያ ሰሞን ስደውል አባቴ «ደኅና ነሽ? ብርዱስ?» ይሉና፣ መልሴን ሰምተው ሳይጨርሱ ስልኩን ለወንድሜ ያቀብሉታል።

ነገሩ የተለወጠው «ሄምትየንስት» ለሚሉት፣ ቤት ለቤት እየዞሩ አረጋውያንን ለመጦር ሥራ፣ አሮጌ መኪና ስገዛ ነው። አንድ ጠዋት አልነሳ አለችኝ። ደወልኩላቸው።

«ስልኩን ሞተሩ ላይ አድርጊና ቁልፉን አዙሪ» አሉ። አደመጡ። «ማስነሻው፣ ሞተሪኖው ነው፤ ውስጡ ያለው ካርቦን ተበልቶ አልቋል። ፍቺው።»

ዘግይቼ፣ በማታ ትምህርት የተማርኩ ሰው ነኝና መጽሐፍ አምናለሁ። የመኪናዋን መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ ብሎኖቹን በቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ እየደረደርኩ ስሠራ የግቢው ኃላፊ መጣ።

«እዚህ መኪና መጠገን ክልክል ነው።»

«እያየኋት ነው እንጂ እየጠገንኳት አይደለም።»

«በጀርባሽ ተኝተሽ?»

«ከታች ስትታይ ነው የምታምረው።»

አልሳቀም።

እኛ መለዋወጫ ስንገዛ አሮጌውን ለናሙና ይዘን አይደል የምንሄደው? ሞተሪኖውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሱቁ ባንኮ ላይ አስቀመጥኩት። ሻጩ አመስግኖ ተቀበለኝና ከኋላው ካለው የብረት መጣያ ወረወረው!

«ኧረ ናሙና ነው!»

«የታርጋ ቁጥርሽ ይበቃኛል።»

«የምፈልገው ካርቦኑን ብቻ ነው።»

«ለብቻው አይሸጥም። ሙሉውን ግዢ።»

የሙሉው ዋጋ መኪናዋን ከገዛሁበት ብዙም አያንስም። ከመጣያው አውጥቼ ይዤው ተመለስኩ። አባቴ ይህን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ። «እዚህም ዋጋው በየቀኑ ይንራል፤ ግን ማን ይጥላል?» አሉ። ካርቦኑን በመንገደኛ ላኩልኝ፤ በርበሬ ውስጥ ተቀብሮ መጣ።

ከዚያ ወዲያ አንድ ሰሞን ቺንጊያው፣ አንድ ሰሞን ካንዴላው። ያገሬ ልጆች «በዚህ ወጪ ደህና መኪና ትገዢ ነበር» ይሉኛል። ልክ ናቸው። እሷ በተበላሸች ቁጥር ግን አባቴ ያወራሉ። ማን መብራት እንደያዘልኝ፣ ጓንት አድርጌ እንደሆነ፣ እጄን ብርድ ቆርጦት እንደሆነ ይጠይቃሉ። ይህን ለማን እነግራለሁ?

በቀደም ዓመታዊ ምርመራ ወሰድኳት። መርማሪው ወለሏን በመዶሻ ቆርቆር ሲያደርገው እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ። በክረምት መንገድ ላይ የሚበትኑት ጨው በልቷታል።

«በብየዳስ?» አልኩት።

«ምኗ ላይ ይበየዳል?»

እዚህ አገር ቁራሌው በክሬን ነው የሚመጣው። ወሰዳት።

ሁልጊዜ የምደውልበት እሁድ ሳልደውል አለፈ። ደውለው የማያውቁት አባቴ ራሳቸው ደወሉ።

«ደግሞ ምን ሆነች?»

«የለችም አባባ። ዝገት ጨረሳት።»

ከበስተኋላቸው ጋሪ ገፊዎች «ወገድ! ወገድ በል!» ይላሉ።

«ዝገት መድኃኒት የለውም» አሉ አባቴ። «በምን ልትሠሪ ነው ታዲያ?»

«መሥሪያ ቤቱ የኤሌክትሪክ መኪና ሊሰጠን ነው። አዲስ ነው፤ አይበላሽም ይላሉ።»

«ጥሩ ነው» አሉ። «ጥሩ ነው።» ቀጥሎም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ታዲያ ከእንግዲህ ስለምን ትደውዪልኛለሽ?»

እሳቸው ስልኩን አልዘጉም፤ እኔም አልዘጋሁም።