አርባ ሁለቱ ሣጥኖች

ተማሪዎቿ በሌለችበት «ባልዲ» ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት በቀለም ፋብሪካ ላቦራቶሪ ስለሠራች፣ የሚለካ ነገር ሁሉ በባልዲ ካልሆነ አይገባትም። ፋብሪካው ሲዘጋ «ለጊዜው» ተብላ የአስራ አንደኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተማሪ ሆነች። ለጊዜው የተባለው ሦስት ዓመት ሞላው። ኬሚስትሪ ሲባል ከክፍል ይጠፉ የነበሩ ልጆች አሁን በእረፍት ሰዓት ስለ አሲድ ይጨቃጨቃሉ። ይህ ግን ማስረጃ አይሆንም። ማስረጃ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው።

ደግነቱ የበላይ አካል እንደሷ ላለው ሰው አቋራጭ መንገድ ከፍቷል። በሌላ ሙያ የተመረቀ ሰው እንደገና ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ መምህር መሆን ይችላል። የሚጠበቅበት የአስራ አራት ወር የቅዳሜ ኮርስ፣ ስድስት ሞጁል፣ ለመሸከም ጋሪ የሚያስፈልገው ፖርትፎሊዮ፣ በመጨረሻም አርባ ሁለት ሣጥን ባለው ቅጽ የሚገመገም አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። አቋራጩ ይህ ነው። በረጅሙ መንገድ የሄዱት እስካሁን አልደረሱም ይባላል።

ባልዲ ሁሉንም ጨርሳ ግምገማው ቀራት። እስከ አርብ ካላለፈች ክፍሏ ለስፖርት መምህሩ ይሰጣል። እሱ የማስተማር ፈቃድ አለው፤ ከኬሚስትሪ ጋር ግን ሰላምታ እንኳ የላቸውም።

«እህቴ፣ አደራሽን እለፊ» አላት። «ያንን የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ አየሁት። ማን እየመራ ነው?»

«ሃይድሮጅን አንደኛ ነው።»

«በስንት ነጥብ?»

ሐሙስ ጠዋት ገምጋሚው ክላሰሩን ታቅፎ መጣና ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ባልዲ ከመምህራን ማረፊያ ያመጣችውን ስኳር ከኮስቲክ ሶዳ ጋር በብርጭቆ ውኃ ውስጥ አሟሟች፤ ከዚያ ፐርማንጋኔት ጨመረችበት።

«ማንም እንዳይነካ። እያያችሁ ጻፉ» አለች።

ሐምራዊ የነበረው ሰማያዊ ሆነ።

«ቲቸር፣ ማንም አልነካውም እኮ» አለ አንዱ።

አረንጓዴ ሲሆን አርባ ስምንቱም ልጆች ጠረጴዛዋን ከበቡ። ከኋላቸው አንድ ሰው በእግሩ ጣቶች ቆሟል፤ ገምጋሚው ነው። «አንተ ረጅሙ፣ እስቲ ዝቅ በል» ይላል። ወደ ቢጫ ሲዞር ደወሉ ጮኸ፤ የሰማው ጥበቃው ብቻ ነው።

ማረፊያ ክፍል ሲገቡ ገምጋሚው ቅጹን ከፈተ። ፊቱ እንደ ብርጭቆው ተለዋወጠ።

«ሰባቱን ብቻ ነው የሞላሁት» አለ።

«ሌላውስ?»

«ያላየሁትን አልሞላም። ‹መምህሩ ሰሌዳውን ከግራ ወደ ቀኝ ይጠቀማል?› አላየሁም። ‹ተማሪዎች በየቦታቸው ተቀምጠዋል?›»

«እርስዎም አልተቀመጡም።»

«ለኔ የተዘጋጀ ሣጥን የለም። ባዶ ሣጥን ያለበትን ቅጽ ደግሞ መዝገብ ቤት አይቀበልም። አልወደቁም፤ አልተገመገሙም። ነገ ክፍለ ጊዜ አለዎት?»

«ሦስተኛው።»

«እመጣለሁ። ግን በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ነገ ቀልቤን እንዳይወስዱት።» ወጥቶ ሲያበቃ አንገቱን መልሶ አስገባ። «ለመሆኑ ለምን አረንጓዴ ሆነ?»

ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ ወደ ባሏ ልብስ ስፌት ሱቅ ሄዳ የነገውን ትምህርት ተለማመደችበት። በስድስተኛው ደቂቃ ባል መርፌውን እንደያዘ አንኮራፋ።

«በቃ፣ ዝግጁ ነሽ» አላት ሲነቃ።

አርብ ዓላማውን ሰሌዳው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ጻፈች። «ግልጽ ነው?» ስትል «ግልጽ ነው» ይላሉ። አስራ ዘጠኝ ጊዜ ግልጽ ሆነ። ጥግ ላይ ያሉት አገጫቸውን በእጃቸው ደገፉ፣ እጃቸውን በደብተር ደገፉ። የገምጋሚው እስክሪብቶ ግን እንደ ስፌት መኪና ይሮጣል።

ከፊት የምትቀመጠው ልጅ አላስችላት አለ።

«ቲቸር፣ አሞዎታል እንዴ?»

«ደህና ነኝ ልጄ። ብቁ እየሆንኩ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ታገሺኝ።»

አርባ ሁለቱም ሣጥኖች ሞሉ። ዘጠና ስምንት ከመቶ አገኘች። ሁለቱ የተቀነሰባት ከተማሪ ጋር ከዕቅድ ውጪ በማውራቷ ነው። የስፖርት መምህሩ ወሬውን ሲሰማ ሜዳውን ሦስት ጊዜ በሩጫ ዞረ።