ልብስ ሰፊው ቀጥ ያለባት ትንፋሽ

ልብስ ሰፊው ካረጀ ወዲህ ጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ሰው "እንደምን ዋልክ?" ሲለው "አይደለም" የሚል ነው የሚመስለው። ሚስቱ ይሄንንስ ለምዳዋለች፤ ያልለመደችው ራስ ምታቱን ነው። ከደረጃ ወድቆ የጀመረው ራስ ምታት ሲብስበት፣ እህል አልቀምስም ሲል፣ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ሐኪሙም "ውስጡን ሳላይ አልነካውም" አለ። ትልቅ ቀለበት የመሰለ የራጅ ማሽን ውስጥ አስተኙት። ጭንቅላቱን ፎቶ ቢያነሱት፣ ምስሉ ውኃ ላይ እንደታየ ፊት ደብዝዞ ወጣ። ቢደግሙት ያው። በመድኃኒት እንዳያስተኙት ደግሞ ልቡ ደካማ ነው።

"አባባ፣ ትንሽ ቀጥ ይበሉልኝ" አለች ምስሉን የምታነሳው ልጅ።

"እኔማ ቀጥ ብያለሁ፤ እሱ ነው እምቢ ያለኝ" አለ ስለ ጭንቅላቱ።

ሚስቱ ማሽኑን ከሚከልለው መስታወት ወዲህ፣ ከልጅቷ አጠገብ ሆና ጣልቃ ገባች። "ልጄ፣ መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገባ ድንጋይ ነው። ቤት ቢቃጠል ቀና አይልም።"

"መርፌ ብረት ነው እማማ፣ እዚያ አይገባም።"

"በሐሳቡ ያስገባዋ! ወደ ውስጥ የምታወሪበትን ድምፅ ማጉያ አምጪው እስቲ።" ተቀብላም ጮኸችበት። "አንተ ሰውዬ! ዓይንህን ጨፍን። ሙሽራዋ በር ላይ ቆማለች፣ ቀሚሷ አላለቀም። ክሩን አስገባ! ብትስት ጉድህ ነው!"

ጨፈነ። ከንፈሩን አሞጠሞጠ። ጭንቅላቱ ቀጥ! ለአንዲት ትንፋሽ ብቻ። ወዲያው መወዛወዙ ተመለሰ።

ልጅቷ የተንቀጠቀጠውን ሁሉ ጥላ፣ ቀጥ ባለባት ትንፋሽ የተነሳችውን እፍኝ የማትሞላ ቁራጭ ለኮምፒውተሩ ሰጠች።

"በዚህች ቁራጭ ምን ሊታይ ነው?" አለች ሚስቱ።

"እርስዎ የጎረቤትን ጉዳይ እንዴት ነው የሚያውቁት?"

"እኔ? በሰው ጉዳይ አልገባም!"

ልጅቷ ሳቀች። "ከዚህም ከዚያም ትንሽ ትንሽ ሰምተው ይገጣጥሙታል አይደል? ይሄ ኮምፒውተርም ካየው ተነስቶ ያላየውን ይገምታል። ግምቱ ካየው ነገር ከአንዱ ጋር እንኳን ከተጣላ ግን ያፈርሰዋል፤ ከሁሉም ጋር እስኪስማማ ያስተካክለዋል።"

"እሱማ ከኔ ይሻላል" አለች፣ አመለጣት።

ምስሉ ቀስ እያለ ጠራ። ሐኪሙ አፍጥጦ አየና እፎይ አለ። "ዕጢ አይደለም። ሲወድቅ የፈሰሰ ደም ነው አንጎሉን የተጫነው። በትንሽ ቀዳዳ ይወጣል።"

ወጣለትም። ሲነቃ ራስ ምታቱ የለም፣ ሾርባ አምጡ አለ። ልጅቷ ልትጠይቀው መጥታ የአንጎሉን ምስል አሳየችው።

"ይሄ ሁሉ የኔ ነው?"

"የእርስዎ ነው አባባ።"

ወደ ሚስቱ ዞረ። "አየሽ! ዕድሜ ልኬን ባዶ ነው ስትይኝ!"

ሚስቱን ግን እንባዋ ቀደማት። የልጅቷን እጆች አገላብጣ እየሳመች "ወልደሽ ሳሚ፣ ክፉ አይንካሽ፣ እንዳስደሰትሽኝ ደስ ይበልሽ" ትላታለች። ባልዬውም ሾርባውን ሳይለቅ "አሜን፣ አሜን" ይላል።