ሽማግሌዬን የነጠቀኝ ምራቅ

ሩሲያዊት ላገባ ነው ስል ጓደኞቼ ሳቁ። ጋሽ ታደሰ ግን ኤቨረት ከሚባለው ከሌላ ከተማ ድረስ መኪና ነድተው መጥተው ሽማግሌ ሆኑልኝ። ቢከን ሂል የሚባለው ሰፈር፣ የእጮኛዬ የካትያ እናት ሳሎን ውስጥ ገና ከመቀመጣችን፣ ጋሽ ታደሰ «ሶ፣ መጀመሪያ ሰባት ቤት ይቆጠር፤ ዘመድ ሆነው ቢገኙስ?» አሉ።

«ጋሼ፣ ልጅቷ እኮ ሩሲያዊት ናት!» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ብትሆንስ? ወጉ አይቀርም።»

እያፈርኩ ተረጎምኩ። የካትያ እናት ግን ፊታቸው በራ። ለካስ ሥራቸው ይኸው ነው፤ የየአካባቢው የሩሲያ ሕዝብ በእናት በኩል ዘሩ ምን ያህል እንደሚለያይ የሚያጠኑ ሳይንቲስት ናቸው።

«በአባት አይሆንም፣ በእናት ነው የሚቆጠረው» ብለው ለዘር ምርመራ የእኔንም የካትያንም ምራቅ ወሰዱ። «ወጉን ያመጡት እርስዎ ነዎትና» ብለው የጋሽ ታደሰንም ጨመሩ። ጋሼ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው በዓይናቸው ይረግሙኛል።

ውጤቱ ሲደርስ እንደገና ተሰበሰብን።

«አንተና ካትያ በእናት አትገናኙም» አሉኝ። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ወደ ጋሽ ታደሰ ዞሩ። «እርስዎና እኔ ግን ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የኖረች የአንዲት እናት ልጆች ነን። የእርስዎ ዘር በእኛ የሰሜን መንደሮችም አለ።»

ጋሼ ይህንንም አስተረጎሙኝ። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው ከአጠገቤ ተነሡና ከካትያ እናት ጎን ሄደው ተቀመጡ።

«እሺ ልጄ» አሉኝ፣ አይተውኝ እንደማያውቁ ሁሉ፣ «የማን ልጅ ነህ? ደግሞስ ያለ ሽማግሌ ብቻህን ምን ልትል መጣህ?»