«ዙርልኝ» የሚለው ፀጉር አስተካካይ

ሰባት ዓመቱ ነበር። እናቱ አውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ አንድ ምሰሶ ሥር አቆመችውና «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል፣ ትኬት ቆርጬ መጣሁ» አለችው። ፀጉሯን በቢጫ ሻርፕ አስራ ነበር። ልጁ ሻርፑን በዓይኑ ተከተለው፤ ሰው መሃል ገባና ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ ቢጫ ሻርፕ በሌላ በኩል ብቅ አለ፣ አውቶቡስም ተሳፈረ። ሮጦ ተከተለና አጠገቧ ተቀመጠ። ቀሚሷን እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው። ሴትየዋ ከፊት ወንበር የተቀመጡት ሰዎች ልጅ መስሏት ዝም አለች።

መጨረሻው ማቆሚያ ላይ ሻርፗን ፈትታ ላቧን ስትጠርግ ቀና ብሎ አያት። እናቱ ሁለት ረጃጅም ጉንጉን ነበራት፤ የዚችኛዋ ፀጉር አጭር ነው። ያን ጊዜ ከአፉ የወጣችው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮው ውስጥ እንዳለች ነግሮኛል።

ሁለት ቀን እዚያው መናኸሪያ ትኬት ቆራጮቹ ክፍል ውስጥ አስቀመጡት። ሴት ባለፈች ቁጥር «ይቺ ናት?» ይሉታል፤ «እንጃ» ይላል። «መልኳስ?» ሲሉት «ቢጫ ሻርፕ አላት» ይላል፤ ይስቃሉ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሻርፕ የሌላት፣ ፀጉሯ የተበተነ ሴት እየሮጠች ገባችና እጆቿን ዘረጋች። ልጁ ተፈትልኮ አግዳሚ ወንበር ሥር ገባ። እግሯን እያየ ተንቀጠቀጠ። «የኔ ቡቡ፣ እኔ ነኝ እኮ» ስትለው ነው ድምፅዋን ያወቀው።

ቤት ሲደርሱ አባቱ «እናቱን የሚሸሽ ልጅ ከየት አመጣን?» ብሎ ገረፈው። እናቱ ግን በማግስቱ ገበያ ሄዳ በጠፋው ምትክ ሌላ ቢጫ ሻርፕ ገዛች።

ይህ ሰው አርባ ዓመት ፀጉሬን ሲያስተካክል የኖረው ወዳጄ ነው። የሰው ፊት አይለይም። ዓይኑ ጤነኛ ነው፤ ጉንጭ ያያል፣ አፍንጫ ያያል፣ ፈገግታና ቁጣ ይለያል። ግን ያየውን ሰው ዞር ብሎ እንደገና ሲያየው አዲስ ሰው ይሆንበታል። ይህንን እኔ በአርባው ዓመት፣ ሌላውም ሰው ለሃምሳ ዓመት ያህል አላወቅንም፤ የነገራት ሚስቱን ብቻ ነበር። እሷም ቤት ስትገባ ከደጅ ጀምራ «ሚስትህ ነኝ፣ ሌላ ሴት ጠብቀህ ከሆነ ይቅርታ» እያለች ነበር የምትገባው።

ሙያውን የመረጠው በብልሃት ነው። ፀጉር አስተካካይ ደንበኛው ኋላ ይቆማል። ፊት የማይነግረውን ማጅራት ይነግረዋል፤ አናት ላይ ያለ ሽክርክሪት፣ የብጉንጅ ጠባሳ፣ የፀጉር ዳር። ሰው በሩን ሲገፋ ሰላም ከማለቱ በፊት «ዙርልኝ!» ይላል። ዞረህ ታሳየዋለህ። ያን ጊዜ ነው ፊቱ የሚፈታው። «አሃ! የመካኒኩ ወንድም! ሰነበትክ!» የሙያ ቀልድ ይመስለን ነበር። ሰፈሩም «ጋሽ ዙርልኝ» አለው።

ሱቁ ውስጥ እንዲህ ተዝናንቶ ይውላል፣ መንገድ ላይ ግን ሞት ነው። ከፊት ለፊቱ እየሳቀ የሚመጣ ሰው ሁሉ ያስፈራዋል። ከሁሉ የከፋችው «አወቅከኝ?» የምትለው ቃል ናት። «እስቲ ማን ነኝ? ገምት! አላወቅከኝም አይደል? አይ ጊዜ!» ይሉታል፤ ጀርባውን ላብ እያጠመቀው ይስቃል። ሰላም ሳይለው ያለፈው ሰው «ኮርቷል፣ ንቆኛል» ብሎ ያኮርፋል። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ አኩርፌዋለሁ። ዛሬ አፍርበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

አንድ እኩለ ቀን ሱቁ ባዶ ሳለ አንድ ጎልማሳ ገባ። «ዙርልኝ» አለው፤ ዞረ። ማጅራቱን አያውቀውም። ከግራ ጆሮው ኋላ የተጣመመች ምስማር የመሰለች የእሳት ጠባሳ አለችው። አዲስ ደንበኛ ነው ብሎ አስቀመጠውና በቶንዶስ ይላጨው ጀመር። ራሱ ተላጭቶ ሲያልቅ ሰውየው ብድግ አለ፣ ከጠረጴዛው ላይ ምላጩን አነሳና የወዳጄ ጉሮሮ ላይ ደገነው።

«ቀና በል! ፊቴን አይተኸዋል?»

«አላየሁህም» አለ ወዳጄ። እውነቱን ነበር።

«ትቀልዳለህ?» ክንዱን ሸረከተው። «ለሰው ብትናገር ተመልሼ እመጣለሁ።» ቶንዶሱንና ስልኩን ይዞ ሮጠ።

ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ አንድ የተላጨ ሰው ሲሮጥ አየሁ አለ። ፖሊሶች ሲጠይቁት «ያ የሰፈራችን ቀለም ቀቢ ይመስለኛል» አለ፤ ሲደጋግሙበት «ቀለም ቀቢው ነው» አለ። ፖሊስ ቀለም ቀቢውን ከሥራው ላይ አንስቶ ወሰደው። ይህ ቀለም ቀቢ ባለትዳር ነው፣ የወዳጄም የአሥራ ስምንት ዓመት ደንበኛ ነው፤ ሁልጊዜ ራሱን ሙልጭ አድርጎ ይላጫል።

ዛቻውን ፈርቶ እስከዚያ ቃሉን ያልሰጠው ወዳጄ በሦስተኛው ቀን ክንዱ እንደተጠቀለለ ጣቢያ ተጠራ። አብሬው ሄድኩ። በሩ ላይ የቀለም ቀቢው ሚስት እጁን ያዘችው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁታል እኮ። አደራዎን። ሌላ ሰው እሱ ነው ቢል እንኳ እርስዎ አያውቁትም?»

«አውቀዋለሁ ልጄ» አላት።

ኮሪደሩ ውስጥ አምስት የተላጩ ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። እንዳይናገሩ ታዘዋል። መርማሪው «አይፍሩ አባባ፣ አንድ በአንድ ይዩዋቸው፤ የወጋዎትን ሰው ያሳዩን» አለ።

ወዳጄ የመጀመሪያውን አየ። አምስተኛውን አየ። ወደ መጀመሪያው ሲመለስ ፊቱ ከእጁ አምልጧል። ከአምስቱ አንዱ ቀለም ቀቢው እንደሆነ ያውቃል፤ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ሁለተኛው ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። አራተኛው ዓይኑን አይነቅልም። የሚለምነው ነው ወይስ የሚዝትበት? በኋላ እንዳጫወተኝ ያኔ መናኸሪያው ታየው፤ ያ አግዳሚ ወንበር ቢኖር ሥሩ ይገባ ነበር። ጣቱን ቢቀስር ንጹሕ ሰው ወኅኒ ይወርዳል። አላውቅም ቢል ልብስ ሰፊው የተናገረው ይጸናል። ያለችው አንዲት መንገድ ሃምሳ ዓመት የደበቃትን ነገር እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማውጣት ነበረች።

«ይዙሩልኝ» አለ። «ሁሉም ጀርባቸውን ይስጡኝ።»

አንዱ ፖሊስ ሳቀ። «አባባ ሊላጯቸው ነው እንዴ?»

መርማሪው ትከሻውን ነቀነቀና አዞራቸው። ወዳጄ በመስመሩ ሄደ። ሁለተኛው ጋ ቆመና ጣቱን ማጅራቱ ላይ አሳረፈ። ከመሰላል ወድቆ የተሰፋ አራት ስፌት፣ ከሥሩ ባለፈው ሳምንት ራሱ የላጨው የማጅራት ዳር።

«አንተ ነህ እንዴ?» አለው።

ቀለም ቀቢው ሳይዞር መለሰ። «እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ይህ የአሥራ ስምንት ዓመት ደንበኛዬ ነው። የወጋኝ ሰው ከግራ ጆሮው ኋላ የእሳት ጠባሳ አለው። ከነዚህ አንዱም የለውም» አለ ወዳጄ።

መርማሪው ፊቱ ጠቆረ። «ቆይ እንጂ አባባ። ፊት ለፊት ሲያዩት ዝም አሉ፤ ሲዞር የአሥራ ስምንት ዓመት ደንበኛዬ ነው አሉ። ጎረቤት ሊያድኑ ነው?»

ያን ጊዜ ተናገረ። መሬት መሬት እያየ ሁሉንም ተናገረ። እኔ እነዚያን ሁለት ኩርፊያዎቼን አስታወስኩ።

መርማሪው አላመነም። ወዳጄን ወደ ጓሮ አስወጣው፤ ኮፍያውንና ኮቱን አውልቆ ከአራት ባልደረቦቹ ጋር ሸሚዝ ለሸሚዝ ተሰለፈና መልሶ አስጠራው። «መርማሪው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁት። አሁን አሥር ደቂቃ ያናገረውን ሰው ከፊት ለፊቱ አጣው፤ ላብ ጭንቅላቱ ላይ ችፍ አለ። ሦስተኛውን ጠቆመ። ሦስተኛው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነበር። ከዚያ አዞሯቸው።

«አንተ ከዳር ያለኸው ነህ» አለ ወዲያው። «ቅድም በኮሪደሩ ስትመራኝ አይቼሃለሁ። ማጅራትህ ላይ ብጉንጅ እየወጣ ነው፣ በምላጭ አትነካካው፤ ሐኪም አሳየው።»

ፖሊሶቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። መርማሪው ግን ማጅራቱን እየዳበሰ ዞረና ለረጅም ጊዜ አየው። ቀለም ቀቢው በዚያው ቀን ተፈታ።

የመርማሪው የእህት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሰው ሰውን እንዴት እንደሚያውቅ የምታጠና ናት። ወዳጄን እሷ ዘንድ ላከው። ከሚስቱ ጋር ሄድን። በኮምፒዩተር ብዙ ፊቶች አሳየችውና እንዲህ ያለው ሰው ከመቶ ሁለት ያህል እንደሚገመት ነገረችው፤ ብዙዎቹ እንደ እሱ ደብቀው ነው የሚኖሩት። «እብድ አይደለሁም?» አላት። «አይደሉም አባቴ። ፊት የሚለየው የአእምሮ ክፍል ብቻ ነው በእርስዎ ዘንድ የደከመው።»

ቀጥላ ጣቶቹ ላይ ሽቦ አሰረች። ሰው የሚያውቀውን ፊት ሲያይ እጁ በጥቂቱ ያልባል፣ ያንን መሣሪያው ያውቃል አለች፤ አንዳንድ እንደ እሱ ያሉ ሰዎች በአፋቸው አላውቅም ሲሉ እጃቸው የሚያውቅ ሆኖ ተገኝቷል። ፎቶዎች አሳለፈች፤ ፀጉሩም ልብሱም ተቆርጦ ፊት ብቻ ነው የቀረው። «አላውቅም፣ አላውቅም» ይላል። አንዲት ሴት ላይ የመሣሪያው መስመር ዘለለ። «ይህቺንስ?» «አላውቃትም።»

ሚስቱ ከኋላ ሳቀች። «እኔ ነኝ! አፉ ቢክደኝም እጁ አልካደኝም።»

ከዚያ ሚስቱ ከቤት ያመጣችው አሮጌ ፎቶ መጣ። «አላውቅም» አለ። መስመሩ እንደገና ዘለለ። የእናቱ ፎቶ ነበር። ሲነገረው ሽቦ የታሰሩ ጣቶቹን አየና «ታዲያ ያኔ መናኸሪያው ውስጥ ስሸሻት እጄ አውቋት ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ልጅቷ ማጥናት የምትችለው የዛሬውን ብቻ እንደሆነ ነገረችው። ውሸት ብትነግረው ይቀላት ነበር፤ አልነገረችውም፤ አከበርኳት።

ዘራፊው እስከ ዛሬ አልተያዘም። ወዳጄ መንገድ ሲሄድ አንዱ ደህና ዋልክ ሲለው ያ ሰው ሊሆን ይችላል። በር በተገፋ ቁጥር የገባው ሰው ዞሮ እስኪያሳየው ድረስ እስትንፋሱን ይይዛል። ግን ነገሩ ከተሰማ ወዲህ ሰፈሩ ተለውጧል። ከሩቅ «ጋሼ፣ ቀለም ቀቢው ነኝ!» «እኔ ነኝ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ!» ይሉታል። ልብስ ሰፊው እንኳ አፍሮ ከርሞ «ያ አሳባቂው ነኝ» እያለ ይገባል።

ይህን ስጽፍ በሕይወቱ ከሁሉ የሚበልጥበት ፍርሃቱ ይሁን ሌላ ነገር ጠየቅኩት። ምላጩን እየሳለ መለሰልኝ፤ እንደተናገረው አስቀምጠዋለሁ።

«ፍርሃቱ አለቀቀኝም፣ አይለቀኝምም። እናቴ ግን ያንን ቢጫ ሻርፕ እስክትሞት አላወለቀችም። ሙቀት ሲሆን ሰው ይስቅባት ነበር። አንድ ቀን እንኳ ለምን ሸሸኸኝ ብላ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳትም። እንዳገኛት ብላ ብቻ አሰረችው። ሰው ለሰው ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል? በል አሁን ዙርልኝ፣ ጆሮህ ሥር ያለው ፀጉር አድጓል።»